የዋሻ ጠብታ-ድንጋይና የጥንቱ በረዶ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሱሉልታ፣ ከቡራዩ፣ ከሰበታና ከሰንዳፋ መምህራንና ተማሪዎች በብዛት የሚመጡት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ አስቸጋሪው ተደርድረዋል፣ ዓመቶቹም በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስታላግማይትና ስታላክታይት እንዴት ነው የሚፈጠሩት?

የዝናብ ውሃ አፈር ውስጥ ሲሰርግ ሥሮችና ረቂቅ ተሕዋስያን ያወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ቀለል ያለ አሲድ ይሆናል። ይህ ውሃ በበሃ ድንጋይ ስንጥቅ ሲወርድ ካልሲየም ካርቦኔቱን እያሟሟ ይሸከማል። የዋሻው አየር ከአፈሩ ውስጥ አየር ያነሰ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስላለው፣ ውሃው ዋሻው ጣሪያ ላይ ብቅ ሲል ጋዙ ከጠብታው ያመልጣል። ውሃውም የተሸከመውን ማዕድን መያዝ ያቅተውና ካልሳይት አድርጎ ይተወዋል። ከጣሪያ የሚንጠለጠለው ስታላክታይት፣ ከወለል ወደ ላይ የሚያድገው ስታላግማይት፣ ግድግዳና ወለል ላይ በስሱ የሚጋገረው ፍሎውስቶን ይባላል። እዚህ ሁሉንም ጠብታ-ድንጋይ እንላቸዋለን።

የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም ሰው የዚህን ዘመድ በየቀኑ ያየዋል፤ ማንቆርቆሪያ ግርጌ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ነው። እዚያ ጋዙን የሚያባርረው እሳት ሲሆን ዋሻ ውስጥ ግን ሙቀት አያስፈልግም። ፍጥነታቸውም አይገናኝም። ስታላግማይት በአብዛኛው በዓመት ከ0.01 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው የሚያድገው፤ ስለዚህ 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ድንጋይ ከ3 ሺህ እስከ 30 ሺህ ዓመት ሊይዝ ይችላል።

ይህ ከበረዶ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ጠብታ ከሌለ ድንጋይ የለም። ከዋሻው በላይ ያለው መሬት ክረምት ከበጋ ከቀዘቀዘ ስንጥቁ ሁሉ በበረዶ ይደፈናል፣ ጠብታው ይቆማል፣ ድንጋዩም ማደጉን ያቆማል። መሬቱ ሲቀልጥ ጠብታው ይመለሳል፤ ድንጋዩ ካቆመበት ይቀጥላል። ስለዚህ የተለካ እያንዳንዱ ዕድሜ «በዚያ ጊዜ፣ በዚያ ቦታ፣ ፈሳሽ ውሃ ነበረ» የሚል ምስክርነት ነው። ድንጋዩ በቀጥታ የሚናገረው ይህን ብቻ ነው። «በረዶ ነበረ» የሚለው ከዝምታው የሚወጣ ግምት ስለሆነ ሌላ ድጋፍ ይፈልጋል፤ ከዚህ በታች ያሉት አብዛኞቹ ጥያቄዎችም የሚነሱት ከዚሁ ነው።

ተመራማሪዎች ወደ ዋሻ የሚገቡበት ሌላም ምክንያት አለ። ግግር በረዶ መሬት ላይ ሲገፋ የቀድሞውን አሻራ እየፋቀ ያጠፋዋል፤ የሚተወው የድንጋይ ክምር በአብዛኛው የመጨረሻውን ግስጋሴ ብቻ ነው የሚያሳየው። ዋሻው ግን ከሥር ተጠልሎ ስለሚቆይ አምስትና ስድስት የበረዶ ዘመን አንድ ድንጋይ ላይ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል።

ሱሉልታ ላይ በኅዳር የሚጥለው ውርጭ ፐርማፍሮስት ነው?

አይደለም። ውርጭ ሌሊት ሣሩን አንጥቶ ረፋድ ላይ ይጠፋል። ፐርማፍሮስት የሚባለው ቢያንስ ሁለት ዓመት በተከታታይ ከዜሮ ዲግሪ በታች የቆየ መሬት ነው። አፈርም አለትም ሊሆን ይችላል፤ መለኪያው ሙቀቱ እንጂ በውስጡ ያለው የበረዶ መጠን አይደለም። ሳይቤሪያ ውስጥ፣ ያኩቲያ ላይ፣ እስከ 1,500 ሜትር ድረስ ጠልቆ ይገኛል።

ግግር በረዶ ሌላ ነው። እሱ መሬት ላይ ተከምሮ በራሱ ክብደት የሚንሸራተት በረዶ ነው። ለዋሻ ሁለቱ አንድ ዓይነት ጉዳት አያደርሱም። ፐርማፍሮስት ስንጥቁን ይደፍነዋል። ወፍራም ግግር በረዶ ግን ከሥሩ ያለውን መሬት ከውጭው ቅዝቃዜ ስለሚከልለው፣ ግርጌው ቀልጦ ውሃ ወደ ታች ሊያወርድ ይችላል።

አዲስ አበባ ዙሪያ ጠብታ-ድንጋይ ያለበት ዋሻ አለ? የካ ላይ ያለው ዋሻ ሚካኤልስ?

የካ፣ እንጦጦ፣ ወጨጫ፣ ሁሉም የእሳተ ገሞራ አለት ናቸው። ዋሻ ሚካኤል ሰው የፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን እንጂ ውሃ ያሟሟው ዋሻ አይደለም። ከእነዚህ አለቶች ስንጥቅ የሚወጣው ነጭ ነገር ብዙ ጊዜ ሲሊካ ነው። መለየቱ ቀላል ነው፤ ጥቂቱን ፍቆ ዱቄቱ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ ነው። ካልሳይት ከሆነ ትንንሽ አረፋ ያወጣል፣ ሲሊካ ከሆነ ዝም ይላል። ሎሚ ደካማ አሲድ ስለሆነ ጠንካራው ቁራጭ ላይ ሳይሆን ዱቄቱ ላይ መደረግ አለበት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የበሃ ድንጋዩ የሚጀምረው ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ሙገር ሸለቆ ውስጥ ነው፤ የሲሚንቶ ፋብሪካዎቹ እዚያ የተተከሉትም ለዚሁ ነው። ያው ድንጋይ ጎሐ ጽዮንን አልፎ አባይ ገደል ላይ በሰፊው ይታያል። ለጥናት የሚሆኑ ድንጋዮች በብዛት የወጡት ግን ከምሥራቅ፣ ከምዕራብ ሐረርጌ መቻራ አካባቢ ካሉት ዋሻዎች ነው፤ አቸሬና ሩኪየሳ ከእነዚህ ይጠቀሳሉ። ባሌ ያለው ሶፍ ዑመር ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለውና የበለጠ የታወቀ ቢሆንም ወይብ ወንዝ መሃሉን አቋርጦት ያልፋል፤ ጎርፍ የሚነካው ወለል ደግሞ ለእንዲህ ያለ ጥናት አይመረጥም።

ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ጣሪያ ላይ የሚንጠለጠለው ነጭ ቱቦ ስታላክታይት ነው?

መልኩ እንጂ ሥሪቱ አንድ አይደለም። ውሃ ኮንክሪት ውስጥ ሲያልፍ ከሲሚንቶው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ያጥባል፤ ጠብታው አየር ሲነካው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየሩ ይስባል። ዋሻ ውስጥ ጋዙ ከጠብታው ይወጣል፣ እዚህ ወደ ጠብታው ይገባል። በዚህ ምክንያት ከዋሻው ብዙ እጥፍ ይፈጥናል፤ በወራት ውስጥ የሚታይ ቱቦ ይሠራል። ስለ አየር ንብረት የሚነግረን ነገር የለም። ስለ ቤቱ ግን ይነግራል፦ ከላይ ያለው ወለል ውሃ ያሳልፋል ማለት ነው፤ ብረቱ ሳይዝግ ምንጩን መፈለግ ይሻላል።

የድንጋዩ ዕድሜ እንዴት ይታወቃል? ሽፋኑን በመቁጠር ነው?

መቁጠር የሚቻለው በየዓመቱ የሚለይ መስመር ሲኖር ነው፤ መቻራ ላይ እንደዚህ ያሉ ተገኝተዋል። ለመቶ ሺህ ዓመታት የሚያገለግለው ግን የዩራኒየምና የቶሪየም ልኬት ነው። ዩራኒየም በውሃ ይሟሟል፣ ቶሪየም አይሟሟም። ስለዚህ ትኩስ ካልሳይት ጥቂት ዩራኒየም ይዞ ይፈጠራል፣ ቶሪየም ግን ከሞላ ጎደል የለውም። ከዚያ በኋላ ዩራኒየም-234 እየፈረሰ ቶሪየም-230ን ያፈራል። የመጀመሪያው ግማሽ ዕድሜ (ግማሹ እስኪፈርስ የሚወስደው ጊዜ) 245 ሺህ ዓመት ገደማ፣ የሁለተኛው 75,600 ዓመት ገደማ ስለሆነ፣ ጥምርታቸው ሲለካ ካልሳይቱ ከተፈጠረ ስንት ዓመት እንደሆነው ይታወቃል።

ከ500 እስከ 600 ሺህ ዓመት ላይ የሚፈጠረውና የሚፈርሰው ቶሪየም እኩል እየሆነ ስለሚመጣ ዘዴው ይደክማል። ከዚያ ወዲያ ዩራኒየም ወደ እርሳስ የሚለወጥበት ልኬት ይተካዋል፤ ይህ ሚሊዮኖችን ይሻገራል፣ ግን ዩራኒየሙ ብዙ፣ ከመነሻው የነበረው እርሳስ ጥቂት የሆነ ድንጋይ ይጠይቃል። እንዲህ ያለው ደግሞ በየዋሻው አይገኝም።

ሬዲዮካርቦንስ፣ ማለትም በጊዜ ብዛት በሚፈርሰው የካርቦን ዓይነት መለካትስ፣ የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይከተላል። ጠብታው ከበሃ ድንጋዩ ያሟሟው ካርቦን ሚሊዮኖች ዓመታትን ያስቆጠረ ስለሆነ ሬዲዮካርቦን የለውም፤ ይህ ከአፈሩ ካርቦን ጋር ሲደባለቅ ውጤቱን በመቶዎችና በሺዎች ያስረጀዋል። ከ50 ሺህ ዓመት በላይ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም።

ለአንድ ልኬት ምን ያህል ድንጋይ ያስፈልጋል? ሥራውስ እንዴት ይሄዳል?

የዩራኒየሙ መጠን ይወስነዋል። ከሚሊዮን አንድ ክፍል ያህል ካለው ከ30 እስከ 50 ሚሊ ግራም ዱቄት ይበቃል፤ የዚያ አንድ አሥረኛ ብቻ ከሆነ 200 ወይም 300 ሚሊ ግራም ሊያስፈልግ ይችላል። ድንጋዩ በእድገቱ አቅጣጫ መሃል ለመሃል በአልማዝ መጋዝ ይሰነጠቅና ገጹ ይለሰልሳል። ከዚያ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ መሰርሰሪያ፣ በዝግታ፣ የሽፋኑን መስመር ተከትሎ ይፋቃል። መጀመሪያ የሚወጣው የገጽ ዱቄት ይጣላል። ከአንዱ ናሙና ወደ ሌላው ሲኬድ መሰርሰሪያው በቀጭን አሲድና በአልኮል ይታጠባል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ዱቄቱ ተመዝኖ በናይትሪክ አሲድ ይሟሟል፤ መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ፣ በተፈጥሮ ድንጋዩ ውስጥ የሌለ የቶሪየምና የዩራኒየም አይሶቶፕ (የአንድ ንጥረ ነገር በክብደቱ የሚለይ ዓይነት) ይጨመርበታል። ዩራኒየሙና ቶሪየሙ ሬዚን በሚባል ቅንጣት በተሞላ ቀጭን ቱቦ ተለያይተው በማስ ስፔክትሮሜትር፣ አተሞችን በክብደታቸው በሚለይ መሣሪያ፣ ይለካሉ።

ቅደም ተከተሉም ገንዘብ ይቆጥባል። መጀመሪያ ጫፉና ግርጌው ይለካሉ፣ ቀጥሎ እድገቱ የተቋረጠበት መስመር ግራና ቀኝ። መስመሩ ቡናማ ወይም ነጭ ሆኖ፣ አንዳንዴም የተበላ ገጽ ሆኖ ይታያል። ናሙናው ከመስመሩ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ባለ ርቀት፣ ከአንድ ወገን ብቻ መወሰድ አለበት። መሰርሰሪያው መስመሩን ከተሻገረ የሁለት ዘመን ዱቄት ተደባልቆ፣ ድንጋዩ ያላደገበትን ዘመን በልበ ሙሉነት ይሰጣል። ፐርማፍሮስትን በሚመለከት ጥናት ከዚህ የከፋ ስህተት የለም፤ መሬቱ በቀዘቀዘበት ዘመን ውሃ ነበረ ያሰኛል።

ሌሎቹ ስህተቶች የሚመጡት ከድንጋዩ ከራሱ ነው። ጭቃ የገባበት ሽፋን የራሱን ቶሪየም ይዞ ስለሚመጣ ዕድሜውን ያስረጀዋል፤ ይህን ቶሪየም-232 ያጋልጠዋል፣ ልኩ ትንሽ ከሆነም ማረም ይቻላል። ስኳር የሚመስል፣ ቀዳዳ የበዛበት ወይም ከአራጎናይት (ከሌላው የካልሲየም ካርቦኔት ማዕድን) ወደ ካልሳይት የተለወጠ ክፍል ግን ዩራኒየሙ ታጥቦ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። የታችኛው ሽፋን ከላይኛው ወጣት ሆኖ ከተገኘ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው። ያንን ክፍል በስሌት ለማዳን ከመሞከር መተው ይሻላል።

ዋሻ ውስጥ ጥሩ ስታላግማይት አግኝቻለሁ፤ ሰብሬ ላምጣ?

በፍጹም። የተሰበረ ድንጋይ በሰው ዕድሜ አይተካም፤ የት፣ በየትኛው ጠብታ ሥር፣ በየትኛው ፊቱ ቆሞ እንደነበር ካልተመዘገበ ደግሞ ለሳይንስም ዋጋው ይወድቃል። ባለሙያዎችም ፈቃድ አውጥተው ቅድሚያ የሚሰጡት ቀድሞ ተሰብሮ ወለል ላይ ለወደቀው ነው፤ ካልሆነም ጥቂት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀጭን ምሰሶ ቆፍረው አውጥተው ቀዳዳውን ይደፍኑታል።

የሚጠቅመው ሌላ ነው፦ ፎቶ ከመለኪያ ጋር፣ የዋሻው አፍ ያለበት ቦታ፣ ጠብታው በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚወርድ፣ የውስጡ አየር ሙቀት። የጥልቅ ዋሻ ሙቀት ከውጭው የዓመት አማካይ ጋር ይቀራረባል፤ ስለዚህ ያ አንድ ቁጥር ብዙ ይናገራል። የሌሊት ወፍ ኩስ በበዛበት ቦታ ያለ አፍ መሸፈኛ አይገባም፤ ራስ ምታትና ትንፋሽ ማጠር ከጀመረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተጠራቅሟልና ወዲያው መውጣት ነው።

ሳይቤሪያ ውስጥ ምን ተገኘ?

አንቶን ቫክስ፣ ጊዲዮን ሄንደርሰንና ባልደረቦቻቸው በ2013 ያወጡት ጥናት ከሰሜን ወደ ደቡብ የተደረደሩ ዋሻዎችን ያነጻጽራል፤ በ60 ዲግሪ ሰሜን ካለው ሌድያናያ ሌንስካያ ጀምሮ፣ በ55 ዲግሪ ባለው ቦቶቭስካያና በባይካል አካባቢ ባለው ኦኾትኒችያ አልፎ፣ እስከ ጎቢ በረሃ። ሐሳቡ ውብ ነው። ዛሬ ሰሜኑ ሙሉ በሙሉ በፐርማፍሮስት የተያዘ፣ ደቡቡ ነጻ ስለሆነ፣ በየዘመኑ ድንጋይ ያደገበት የመጨረሻው ሰሜናዊ ዋሻ የፐርማፍሮስቱን ድንበር ያሳያል።

በበረዶ ዘመናት የሳይቤሪያዎቹ ድንጋዮች ቆመዋል፣ በሞቃቶቹ ዘመናት ደቡባዊዎቹ አድገዋል። የሰሜን ጫፉ ዋሻ ግን ባለፉት 500 ሺህ ዓመታት ውስጥ ያደገው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከ400 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ በነበረው ረጅም ሞቃት ዘመን ነው። ጎቢ ላይ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እዚያ ድንጋዩን የሚያቆመው ድርቅ ስለሆነ ማደጉ ዝናብ መምጣቱን ይናገራል።

እድገቱ የተቋረጠበት ጊዜ ሁሉ በረዶ ነበረ ማለት ነው?

አይደለም፤ ይህ በጣም የሚያሳስት ነጥብ ነው። ድርቅ ጠብታውን ያቆመዋል። ስንጥቁ በካልሳይት ተደፍኖ ጠብታው አንድ ሜትር ፈቀቅ ብሎ ሊወርድ ይችላል። ዋሻው በጎርፍ ሊሞላ፣ ከላይ ያለው ደን ሊመነጠርና አፈሩ ሊሸረሸር ይችላል። መቻራ ላይ ወይም ሙገር ላይ የተቋረጠ ድንጋይ ቢገኝ ማንም በረዶን አያስብም፤ ሳይቤሪያ ላይም መጀመሪያ በረዶን ማሰብ ልማድ ስለሆነ ብቻ ማስረጃ አይሆንም።

መፍትሔው ብዛት ነው። ከአንድ ዋሻ የተለያዩ ጠብታዎች የወጡ ድንጋዮች በአንድ ዘመን ከቆሙ፣ አጠገብ ያሉ ዋሻዎችም አብረው ከቆሙ፣ የአንድ ስንጥቅ ጉዳይ አይደለም። ከዚያ የቅዝቃዜ የራሱ ምልክት ይፈለጋል፦ በበረዶ ግፊት የተሰባበሩ ስታላክታይቶች፣ ወይም ከዚህ በታች የተጠቀሰው የቅዝቃዜ ካልሳይት።

በግግር በረዶ ሥር ድንጋይ ማደግ ይችላል?

ይችላል፤ ኦስትሪያ ውስጥ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው ሽፓናግል ዋሻ ምሳሌው ነው። እዚያ ከላይ አፈርም ተክልም በሌለበት፣ በበረዶ በተሸፈነበት ዘመን ድንጋይ አድጓል። ምክንያቱ አለቱ ውስጥ ያለው ፓይራይት፣ የብረትና የድኝ ማዕድን፣ ነው፤ ኦክስጅን ሲያገኝ ሰልፈሪክ አሲድ ያመነጫል፣ እሱም የአፈሩን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተክቶ እብነ በረዱን ያሟሟል። የበረዶው ግርጌ እየቀለጠ ውሃ ይሰጣል፣ ዋሻውም ከዜሮ በላይ ይቆያል።

እንዲህ ያለው ድንጋይ በካርቦን አይሶቶፑ ይታወቃል፤ ከአፈር የመጣ ካርቦን ስለሌለበት ወደ በሃ ድንጋዩ ወደ ራሱ ቁጥር ይጠጋል። ይህ ሳይታይ «ድንጋይ አድጓልና በረዶ አልነበረም» የሚል ሰው ነገሩን ገልብጦ ያነበዋል።

በቅዝቃዜ የሚፈጠር ካልሳይት አለ ይባላል፤ ምንድን ነው?

አየሩ መሞቅ ሲጀምር መሬቱ ከላይ ወደ ታች ይቀልጣል። ውሃው ዋሻው ውስጥ ሲደርስ ግን ዋሻው ገና ከዜሮ በታች ነው። ውሃው በረዶ ይሆናል፣ በረዶው ውስጥ የቀሩ ትንንሽ ኩሬዎችም ቀስ ብለው ይረጋሉ። የሚረጋ ውሃ ማዕድኑን ወደቀረው ፈሳሽ ስለሚገፋው ያ ፈሳሽ ይወፍርና ካልሳይት ይጥላል። በረዶው ከባዱን ኦክስጅን-18 ይመርጣል፤ ስለዚህ ካልሳይቱ ከተራው ድንጋይ ያነሰ ኦክስጅን-18 ይኖረዋል፣ ካርቦን-13 ደግሞ ይበዛበታል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገኙ ማንነቱ ያለቀለት ነው።

ጥቅሙ ትልቅ ነው። ተራ ድንጋይ ፐርማፍሮስት ያልነበረበትን ጊዜ ሲናገር፣ ይህ ግን የሚቀልጥበትን ጊዜ ራሱን ይናገራል። ችግሩ ማግኘቱ ላይ ነው፤ ከሚሊ ሜትር እስከ ሴንቲ ሜትር የሚደርሱ ልቅ ቅንጣቶች ሆነው ወለል ላይ፣ በድንጋይ መሃል ተበትነው ስለሚቀሩ ተራ ጠጠር ይመስላሉ። ብዙ ዋሻ ውስጥ ሰው ሳያውቅ ረግጧቸው አልፏል። በውሃ ቅጽበታዊ መርጋት የሚፈጠረው ዱቄት መሰሉ ዓይነት ደግሞ ዛሬም በየበረዶ ዋሻው ስለሚፈጠር ለዚህ ሥራ አይረዳም።

ዋሻ ስለ ባሕር ወለል እንዴት ይናገራል? ይህስ ከበረዶ ጋር ምን አለው?

ግግር በረዶ ሲያድግ ውሃው የሚመጣው ከባሕር ነው። የመጨረሻው የበረዶ ዘመን በከፋበት ጊዜ፣ ከ20 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ፣ ባሕሩ ከዛሬው ከ120 እስከ 130 ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር። ተራ ስታላክታይት የሚያድገው አየር ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ ባሐማስ ላይ ዛሬ ባሕር ውስጥ ሰምጠው የሚገኙት ድንጋዮች ያደጉበት ዘመን ባሕሩ ዝቅ ያለበት ነው።

ማዮርካ ደሴት ላይ ያለው ይበልጣል። የባሕር ዳር ዋሻዎቹ ውስጥ ያለው ውሃ ከባሕሩ ጋር እኩል ይቆማል፤ የውሃው ገጽ በነካው ስታላክታይት ዙሪያ ካልሳይት ይጋገርና ከፍታውን ያትማል። በ2010 የወጣው ጥናት ከ81 ሺህ ዓመት በፊት ባሕሩ ከዛሬው አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንደነበር አሳይቷል፤ ያ ዘመን ባሕሩ ዝቅ ያለበት ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር ብዙ አከራክሯል። በ2019 ደግሞ ከ3.26 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባሕሩ 16 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ እንደነበር ተገምቷል። ግሪንላንድ ሙሉ በሙሉ ብትቀልጥ የምትሰጠው 7 ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ አንታርክቲካም በርከት ያለ በረዶ አጥታ መሆን አለበት። መሬቱ ራሱ ከፍ ዝቅ ብሎ እንደሆነ ሳይታረም ግን ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱም አይታመንም።

ኦክስጅን አይሶቶፕ ካለ የበረዶውን መጠን ከአንድ ስታላግማይት በቀጥታ ማንበብ አይቻልም?

አይቻልም። እውነት ነው፣ ግግር በረዶ ቀላሉን ኦክስጅን-16 ስለሚያከማች ባሕሩ በበረዶ ዘመን ከሺህ አንድ ክፍል ያህል ወደ ከባዱ ያደላል። ነገር ግን ስታላግማይቱ ላይ የሚደርሰው ቁጥር ዝናቡ ከየት ባሕር እንደተነሣ፣ ስንት እንደዘነበ፣ በምን ወቅት እንደዘነበና ዋሻው ምን ያህል ሞቃት እንደሆነ ተደማምሮ ነው። የዋሻው ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ብቻውን ከሺህ 0.2 ክፍል ያህል ይቀንሰዋል። ካልሳይቱ ውስጥ ታሽገው የቀሩትን ረቂቅ የውሃ ጠብታዎች መለካት ሙቀቱን ከዝናቡ ለመለየት ይረዳል፤ አንድ ግራም ገደማ ድንጋይ ተፈጭቶ የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ማይክሮ ሊትር ያነሰ ውሃ ነው።

ጠብታ-ድንጋይ ለበረዶ ጥናት በኦክስጅን በኩል የሚሰጠው ትልቁ ነገር ቀኑ ነው። የቻይና ዋሻዎች መዝገብ 640 ሺህ ዓመት ይሸፍናል። የሰሜኑ ግግር በረዶ ሲፈርስ ቀዝቃዛ ውሃ ሰሜን አትላንቲክን ይሞላዋል፣ የእስያ ዝናብም ይዳከማል፤ ያ መዳከም ድንጋዩ ላይ በትክክለኛ ዕድሜ ይነበባል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ግግር በረዶ ነበረ? ለምን በዋሻ ድንጋይ አይጠናም?

ነበረ። ባሌ ላይ ሳነቴ አምባ፣ አርሲ ላይ በዳ ተራራ፣ ስሜንም ላይ አሻራው አለ። የባሌው በ2021 በወጣ ጥናት የተለካው በክሎሪን-36 ነው፤ በረዶው ገፍቶ የተዋቸው ድንጋዮች ገጽ ለሰማይ ጨረር ስንት ዘመን እንደተጋለጠ ያሳያል። በረዶው በሰፊው የተዘረጋው ከ42 እስከ 28 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ነበር፤ ዓለም አቀፉ የበረዶ ዘመን ጫፍ ላይ ከመድረሱ አስቀድሞ ማለት ነው። በዋሻ ድንጋይ ያልተጠናው ከፍታዎቹ በሙሉ የእሳተ ገሞራ አለት ስለሆኑ ነው፤ የበሃ ድንጋዩ ዋሻ ያለው ከሥር፣ በረዶ ደርሶት በማያውቅ ቆላ ነው።

የእኛዎቹ ጠብታ-ድንጋዮች የሚናገሩት ስለ ዝናብ ነው፤ አስፋወሰን አስራትና ባልደረቦቹ ከመቻራ ያወጡት ሥራ ይህን ይዟል። የሰሜኑ በረዶ ግን በዝናቡ በኩል ይደርሰናል። ግግር በረዶው ወደ ሰሜን አትላንቲክ በፈረሰበት ዘመን፣ ከ16,700 ዓመት በፊት ገደማ፣ ጣና ሐይቅ ደርቆ እንደነበር የሐይቁ ደለል ያሳያል።

መጀመሪያ «1.5 ዲግሪ መሞቅ ፐርማፍሮስቱን ያቀልጠዋል» ተባለ፣ ኋላ «ወሳኙ የባሕር በረዶ ነው» ተባለ። የቱ ነው ትክክል?

ሁለቱም የመጡት ከአንድ ዋሻ፣ ከሌድያናያ ሌንስካያ ነው። በ2013 የታየው፣ ዩራኒየም-ቶሪየም በሚደርስበት ዘመን ውስጥ ድንጋዩ ያደገው በ400 ሺሁ ሞቃት ዘመን ብቻ መሆኑ ነው። ያ ዘመን ከኢንዱስትሪ በፊት ከነበረው በ1.5 ዲግሪ ገደማ ይሞቅ ነበር ተብሎ ስለሚገመት ቁጥሩ እንደ ደፍ ተወሰደ። በ2020 ልኬቱ በዩራኒየም-እርሳስ ወደ 1.5 ሚሊዮን ዓመት ሲዘልቅ ሥዕሉ ተለወጠ፤ ከ400 ሺህ ዓመት በፊት ድንጋዩ በተደጋጋሚ አድጓል፣ ከዚያ ወዲህ ግን ጭራሽ አላደገም። ከ125 ሺህ ዓመት በፊት አርክቲክ ከቅርብ ምዕተ ዓመታት ይልቅ ሞቃት በነበረበት ጊዜ እንኳ ዋሻው አልቀለጠም። ስለዚህ የዓለም አማካይ ሙቀት ብቻውን አያስረዳውም።

የቀረበው ማብራሪያ የአርክቲክ ባሕር በረዶ ነው። ባሕሩ ክፍት ሲሆን እርጥበት ወደ ሳይቤሪያ ይሄዳል፣ በመከር ብዙ በረዶ ይጥላል፣ ወፍራም አመዳይም መሬቱን ከክረምቱ ብርድ ይከልላል። መሬቱ በበጋ ያገኘውን ሙቀት ሳያጣ ይከርማል። ባሕሩ ዓመቱን ሙሉ በበረዶ ሲዘጋ አየሩ ይደርቃል፣ አመዳዩ ይሳሳል፣ ብርዱ በቀጥታ ወደ መሬቱ ይገባል። ለእኛ ይህ ከ1.5 ዲግሪው ይልቅ ያሳምነናል፤ የ1.5ቱ ቁጥር በአንድ ሞቃት ዘመን ላይ ብቻ የቆመ ነበር።

አንድ ጥንቃቄ ለሁለቱም ይሠራል። ድንጋዩ የሚመዘግበው ቅልጠቱ ዋሻው ጣሪያ ላይ የደረሰበትን ጊዜ ነው። ከላይ ያለው አለት ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱ እስኪወርድ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ላይኛው መሬት ቀልጦ፣ ሞቃቱ ዘመን ሙቀቱ ዋሻ ሳይደርስ ካበቃ፣ ድንጋዩ ላይ አንድ መስመር እንኳ አይጨመርም።